ለኮምፓይለር ዋስ የሆነ ሰው፦ የእሁድ ከሰዓት ጥያቄና መልስ

"የከርነል ኮድ ስንከፍት ግማሹ የሲ ቋንቋ አይመስልም፤ በአንደርስኮር የታጠረ ቃል ነው የሞላው" የሚል ስሞታ ከደሴና ከኮምቦልቻ ልጆች በዛብኝ። ዛሬ ቁጭ ብዬ እንድመልስ ቃል ገብቼ ነበር። ጦሳ ጭጋግ ለብሷል፣ ቡናው ተቆልቷል፣ መብራትም ለጊዜው አለ። የኮድ ስሞቹን አፋችን ላይ እንዳሉ በግዕዝ ፊደል እጽፋቸዋለሁ። ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ስል የሊኑክስን፣ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ስል ጂሲሲንና ክላንግን ማለቴ ነው፤ ሌላ ሲሆን እናገራለሁ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ ማክሮና አትሪቢዩት አንድ ናቸው እንዴ? ሁለቱንም እያቀላቀልኩ ነው የማነበው።

መልስ፦ አይደሉም የኔ ልጅ። ማክሮ ኮምፓይለሩ ኮዱን ከመተርጎሙ በፊት በሌላ ጽሑፍ የሚተካ ስም ነው። አትሪቢዩት ደግሞ ከተተካ በኋላ ራሱ ኮምፓይለሩ የሚያነበው ማሳሰቢያ ነው። የከርነል ሰዎች ረጅሙን አትሪቢዩት በአጭር ማክሮ ስለሚሸፍኑት ነው የተቀላቀለብህ። የሚሸፍኑት ለእጃቸው ሰንፈው ብቻ አይደለም። ጂሲሲ የሚያውቀውን ክላንግ የማያውቅበት ጊዜ አለ፤ የማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር ጭራሽ በሌላ አጻጻፍ ነው የሚሄደው። ልዩነቱ አንድ ሄደር (ሌሎች ፋይሎች የሚጋሩት ፋይል) ውስጥ ከተያዘ ሌላውን ፋይል ሁሉ መነካካት አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በወጣው 4.20 ከርነል ብዙዎቹ "ኮምፓይለር አትሪቢዩትስ" የሚባል አንድ ሄደር ውስጥ ተሰብስበዋል። እሱን ከላይ እስከ ታች አንብበው፤ አስተያየቶቹ ራሳቸው ትምህርት ናቸው።

እኔ ግን ሌላ አከፋፈል ነው የምወደው። አንዳንዱ አትሪቢዩት ትእዛዝ ነው፦ ይህን እዚህ አስቀምጥ፣ ይህን አጠጋጋ። አንዳንዱ ደግሞ ዋስትና ነው፦ "ይህ ፈንክሽን አይመለስም"፣ "ይህ ፈንክሽን ከተሰጠው ቁጥር ሌላ ምንም አያይም"። ዋስትናውን ኮምፓይለሩ አብዛኛውን ጊዜ አያጣራም፤ አምኖህ ይሠራል። የመሣሪያ ሪጅስተር (መሣሪያው ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ ቦታ) የሚያነብ ፈንክሽን ላይ "ኮንስት" የሚለውን አትሪቢዩት የለጠፈ ልጅ አይቻለሁ። ኮምፓይለሩ ሦስቱን ጥሪ አንድ አድርጎ የመጀመሪያውን ውጤት ለሦስቱም አደለለት። ልጁ ሃርድዌሩ ተበላሽቷል ብሎ ቦርድ ሊቀይር ነበር።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ ስትራክቴ (በአንድ ስም የታሰሩ እሴቶች) ውስጥ ያሉት ሲደመሩ 7 ባይት ናቸው፤ መጠኑን የሚነግረኝ ሳይዝኦፍ ግን 12 ይለኛል። ፓክድ (መሃል ባዶ ቦታ የማይተው) ላድርገው?

መልስ፦ ቅደም ተከተልሽ አንድ ባይት ዓይነት፣ አራት ባይት ርዝመት፣ ሁለት ባይት ፖርት ነው ብዬ ልገምት። ኮምፓይለሩ አራት ባይቱ በ4 የሚካፈል አድራሻ ላይ እንዲያርፍለት ከመጀመሪያው ባይት በኋላ 3 ባይት ባዶ ይተዋል። መጨረሻ ላይም 2 ይጨምራል፤ 12 ሞላ። ስትራክቱ የራስሽ ብቻ ከሆነ ፓክድን ተይው። ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሪው፤ 8 ይሆናል፣ ይበቃል።

ፓክድ የሚያስፈልገው አቀማመጡን ሌላ አካል ሲወስነው ነው፤ የኔትዎርክ ፓኬት፣ የዲስክ ሰንጠረዥ፣ የመሣሪያ ፕሮቶኮል። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት የጭነት መኪና ሚዛን የሚያነብ ትንሽ ቦርድ ላይ እሠራ ነበር። ከሚዛኑ የሚመጣው መልእክት ልክ እንዳንቺው ነው፤ አንድ ባይት፣ ቀጥሎ አራት ባይት ክብደት። ፓክድ አደረግሁት፣ ላፕቶፔ ላይ ሞከርኩት፣ ሰላም ነው። ቦርዱ ላይ ጫንኩት፤ የመጀመሪያው መኪና ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ቦርዱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዘበኛው ሻይ እያመጣልኝ ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦ ስፈትሽ ዋልኩ።

ጥፋቱ ሽቦው አልነበረም። የክብደቱን አድራሻ ወስጄ ወደ ተራ የአራት ባይት ቁጥር የሚያመለክት ፖይንተር (አድራሻ የሚይዝ ተለዋዋጭ) ለሚቀበል ፈንክሽን ሰጥቼው ነበር። በስትራክቱ ስም ብጠራው ኖሮ ኮምፓይለሩ ፓክድ መሆኑን ስለሚያውቅ ባይት በባይት እየለቀመ ያነብልኝ ነበር። ፖይንተር ሲሆን ግን ፓክድነቱ ይረሳል፤ ፈንክሽኑ አድራሻው በ4 ይካፈላል ብሎ በአንድ ጊዜ ይጎርሰዋል። የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ኤክስ86 ስለሆነ ችሎት ዝም አለ። የቦርዱ ፕሮሰሰር ኮርቴክስ ኤም0 ነበር፤ እሱ ያልተስተካከለ አድራሻ ጨርሶ አይቀበልም፣ ሃርድ ፎልት (ሥራውን የሚያስቆም ከባድ ስህተት) ውስጥ ይገባል። መፍትሔው አራቱን ባይት በሜምኮፒ ወደ ተራ ተለዋዋጭ ገልብጦ እሱን መስጠት ነበር፤ በከርነል ውስጥ "ጌት አንአላይንድ" የሚባለው ለዚሁ ነው። ጂሲሲ ከ9ኛው እትሙ ጀምሮ የፓክድ አባል አድራሻ ሲወሰድ ያስጠነቅቃል። እኔን የሚያስቆጨኝ ማስጠንቀቂያዎቹን በሙሉ በአንድ ፍላግ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ አማራጭ) አፍኜ የሠራሁ መሆኔ ነው።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ "ኢኒት" የሚለው ማክሮ ከብዙ ፈንክሽን ፊት አለ። ብተወው ምን ይቀርብኛል?

መልስ፦ ማህደረ ትውስታ ይቀርብሃል፤ ብዙ ላይሆን ይችላል። ኢኒት ፈንክሽኑን ለብቻው በተከለለ ሴክሽን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ማሽኑ ተነስቶ ሲያበቃ ከርነሉ ያንን ሴክሽን ጠራርጎ ቦታውን ያስለቅቃል። ሲነሳ ከሚያሳየው መልእክት መጨረሻ አካባቢ "ፍሪይንግ አንዩዝድ ከርነል" የሚል መስመር ካየህ እሱ ነው። ለሠርግ እንደተተከለ ድንኳን በለው፤ ሠርጉ ሲያልቅ ይነቀላል። አደጋው ከሠርጉ በኋላ እዚያው ድንኳን ውስጥ ልቀመጥ ስትል ነው፤ ማለትም ሁልጊዜ የሚኖር ፈንክሽን ኢኒት የተባለውን ከጠራ። ቦታው ላይ አሁን ማን እንደሰፈረ አይታወቅም። ሲገነባ "ሞድፖስት" የሚባለው መሣሪያ ይህን አይቶ "ሴክሽን ሚስማች" ይልሃል። ያንን ማስጠንቀቂያ አይተህ አትለፍ። በፈንክሽን ፖይንተር በኩል ዞሮ የመጣውን ጥሪ ግን ሁልጊዜ አይዝልህም።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ፒያሳ)፦ ላይክሊ እና አንላይክሊን ሁሉም ኢፍ ላይ ብደረድር ኮዴ ይፈጥናል?

መልስ፦ አይፈጥንም፤ የሚያነብህን ሰው ግን ታደክማለህ። ላይክሊ ("ይህ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው") ስትል ኮምፓይለሩ እምብዛም የማይደረስበትን ኮድ ከመንገድ ያወጣዋል፤ ዋናው ኮድ፣ ሐረጎ ላይ ሳይቆም ኮምቦልቻ እንደሚገባ ሚኒባስ፣ ሳይዘል ይወርዳል፣ የመመሪያ ካሹም (የፕሮሰሰሩ ፈጣን ማስቀመጫ) በማይረባ ኮድ አይሞላም። ለስህተት መንገድ፣ ያውም በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ በሚሮጥ ኮድ ውስጥ ይጠቅማል። ድራይቨር ሲነሳ አንዴ ለሚሠራ ኢፍ ምን ያደርጋል? ግማሽ በግማሽ የሚሆን ቅድመ ሁኔታ ላይ ከለጠፍከው ደግሞ ጭራሽ ትጎዳለህ።

ጥያቄ (ከዚያው ከፒያሳ)፦ የላይክሊ ማክሮ ውስጥ ሁለት ቃለ አጋኖ ተደራርቦ አየሁ። የፊደል ስህተት ነው?

መልስ፦ ሆን ተብሎ ነው። ከሥሩ ያለው "ቢልትኢን ኤክስፔክት" ዋጋውን ከ1 ጋር ነው የሚያስተያየው። ያንተ ቅድመ ሁኔታ 8 ቢመጣ እውነት ነው፣ ግን 1 አይደለም። በቃለ አጋኖው እውነትና ሐሰቱ ሁለቴ ሲገለበጥ ዜሮ ያልሆነው ሁሉ 1 ይሆናል።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ የራሴን ትንሽ ከርነል ለ64 ቢት ኤክስ86 እየጻፍኩ ነው። የሰዓት ቆጣሪውን ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ከሥራው የሚያቋርጥ ምልክት) እስክከፍት ሁሉ ደህና ነበር። ከከፈትኩ በኋላ የፈንክሽን ውስጥ ተለዋዋጮች በዘፈቀደ ይቀየራሉ። ወላሂ ሳምንት ሆነኝ።

መልስ፦ አይዞሽ፣ ይህ ብዙ ሰው ያለቀሰበት ነው። ሬድ ዞን ይባላል። በሊኑክስ ዓለም የምንከተለው የ64 ቢት የጥሪ ስምምነት ሌላ ፈንክሽን የማይጠራ ፈንክሽን በስታኩ (ፈንክሽኖች ተለዋዋጮቻቸውን ለጊዜው የሚያስቀምጡበት ቦታ) ላይ ከስታክ ፖይንተሩ በታች ያለውን 128 ባይት ፖይንተሩን ሳያንቀሳቅስ እንዲጠቀምበት ይፈቅዳል። ለተራ ፕሮግራም ችግር የለውም፤ ሲግናል (ለፕሮግራሙ የሚላክ ማሳወቂያ) ሲመጣ ከርነሉ ያንን ቦታ ዘሎ ነው የሚጽፈው። አንቺ ግን ራስሽ ከርነሉ ነሽ። ከርነል ውስጥ እያለሽ ኢንተራፕት ሲመጣ ፕሮሰሰሩ ከርነሉ በያዘው በዚያው ስታክ ላይ አምስት እሴቶችን ይገፋል፤ በአምስት ስምንት 40 ባይት። የሚገፋው ስታክ ፖይንተሩ ካለበት ወደ ታች ነው፤ ተለዋዋጮችሽ የተኙት ደግሞ እዚያው። "ኤም ኖ ሬድ ዞን" የሚለውን ፍላግ ለሁሉም ፋይል ጨምሪ፤ አንድ ፋይል ብትረሺ ችግሩ እዚያው ይቀራል።

ካነሳሽው አይቀር፣ የኢንተራፕት ተቀባዩን ተራ ፈንክሽን አድርገሽው እንዳይሆን። ተራ ፈንክሽን የሚመለስበት መመሪያ ኢንተራፕት ከሚመለስበት ይለያል። ጂሲሲ ከ7ኛው እትም ጀምሮ ለኤክስ86 "ኢንተራፕት" የሚል አትሪቢዩት አለው፤ ሪጅስተሮቹን (የፕሮሰሰሩን ትንንሽ ማስቀመጫዎች) አስቀምጦ በትክክለኛው መመሪያ ይመለሳል። ከእሱ ጋር "ጀነራል ሬግስ ኦንሊ" የሚለውን ፍላግ ስጪው። እኔ ግን አጭሯን መግቢያ በአሴምብሊ ጽፌ ከዚያ ሲን መጥራት እመርጣለሁ፤ ምን እንደተገፋ በዓይኔ ማየት ደስ ይለኛል።

ጥያቄ (ከመካነ ሰላም)፦ ሜምሴትን (ማህደረ ትውስታን በአንድ ዋጋ የሚሞላውን ፈንክሽን) በራሴ ጻፍኩ፣ አራት መስመር ሎፕ ናት። ኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ ኮዱን የሚያሻሽልበትን) ስከፍት ስታኩ ሞልቶ ይፈርሳል። ውስጧ ግን ምንም ጥሪ የለም!

መልስ፦ አንተ አልጻፍክም፣ ኮምፓይለሩ ጻፈልህ። ሎፕህን አየና "ይህማ ሜምሴት ነው" ብሎ በሜምሴት ጥሪ ተካው። ሜምሴት ሜምሴትን ይጠራል፣ እሱም ሜምሴትን ይጠራል። ፍሪስታንዲንግ (ያለ መደበኛ ላይብረሪ ነው የምሠራው) የሚለውን ፍላግ መስጠት ይህን አያስቀርም፤ ጂሲሲ በዚያ ሁኔታም ቢሆን ሜምኮፒ፣ ሜምሙቭ፣ ሜምሴትና ሜምኮምፕ አሉ ብሎ ነው የሚነሳው። ለዚያ ፋይል "ኖ ትሪ ሉፕ ዲስትሪቢዩት ፓተርንስ" የሚለውን ፍላግ ጨምር። (ስሙ ረጅም ነው፣ ምን ላድርግህ።)

ጥያቄ (ከመርሳ፣ መምህር ነኝ)፦ ተማሪዎቼ ኢንተራፕት የሚቀይረውን ባንዲራ በሎፕ ይጠብቃሉ። ኦፕቲማይዜሽን ሲጠፋ ይሠራል፣ ሲበራ ለዘላለም ይንጠለጠላል። ቮላታይል (በተነካ ቁጥር ከማህደረ ትውስታ አንብበው) በሉት አልኳቸው፤ ልክ ነኝ?

መልስ፦ መምህር፣ ለሎፑ ልክ ነዎት። ኮምፓይለሩ በሎፑ ውስጥ ባንዲራውን የሚቀይር ስላላየ አንዴ ብቻ አንብቦ ሪጅስተር ውስጥ ይዞት ይሽከረከራል። በከርነል ግን ተለዋዋጩን ሳይሆን የሚነበብበትን ቦታ ነው የምናመለክተው፤ "ሪድ ዋንስ" እና "ራይት ዋንስ" በሚሉ ማክሮዎች። ሥራቸው ከሥር በቮላታይል ነው፤ ግን ኮዱን የሚያነብ ሰው "እዚህ ጋ ሌላ እጅ አለ" የሚለውን ያያል። "ባሪየር" የሚባለውም አለ፤ ውስጡ ባዶ አሴምብሊ ነው፣ አንድም መመሪያ አያወጣም። ኮምፓይለሩ ከማህደረ ትውስታ አንብቦ የያዘውን ሁሉ እንዲጥል ብቻ ያደርጋል። ለተማሪዎችዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ፦ ባሪየርም ሆነ ሪድ ዋንስ የሚገቱት ኮምፓይለሩን ነው። ሁለት ኮር ሲሆን ፕሮሰሰሩ ራሱ ቅደም ተከተል ያዛባል፤ ለዚያ ሌላ ባሪየር ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ኮምፓይለሩ የጻፍኩትን ኢፍ ሊያጠፋው ይችላል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታወቀ ጉዳይ አለ። የሊኑክስ ተን ድራይቨር (የምናባዊ ኔትዎርክ ድራይቨር) ውስጥ አንድ ፖይንተር መጀመሪያ ተነበበ፣ ቀጥሎ "ባዶ ከሆነ ተመለስ" የሚል ኢፍ መጣ። ጂሲሲ አሰበ፦ ከላይ ካነበበው ባዶ አይደለም ማለት ነው፣ ስለዚህ ኢፉ ትርፍ ነው። ሰረዘው። ሰዎች ዜሮ አድራሻ ላይ የራሳቸውን ገጽ አስቀምጠው በዚያ ቀዳዳ ሩት (የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን) ሆኑ። ስህተቱ የጸሐፊው ነው፤ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። ኮምፓይለሩ ግን ያንን ንባብ እንደ ዋስትና ነው የቆጠረው። ከዚያ ወዲህ ከርነሉ "ኖ ዲሊት ነል ፖይንተር ቼክስ" በሚል ፍላግ ይገነባል።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ "ዩዘር" የሚለውን ማክሮ ፈታሁት፤ ወደ ባዶ ነው የሚተካው። ታዲያ ለምን ይጻፋል?

መልስ፦ ለስፓርስ። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው መፈተሻ ነው። ፖይንተሩ ከተጠቃሚ የመጣ መሆኑን ይመዘግብና ከተጠቃሚ በጥንቃቄ የሚገለብጠውን ኮፒ ፍሮም ዩዘርን ሳታልፊ በቀጥታ ብትነኪው ይጮኻል። በተለመደው የጂሲሲ ግንባታ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ "መስት ቼክ" (ውጤቱን ሳታይ አትለፍ) ያለበትን ፈንክሽን ውጤት ወደ ቮይድ (ዋጋ የሌለው ዓይነት) ቀይሬ ጣልኩት፤ ጂሲሲ አሁንም ይነዘንዘኛል። እንዴት ዝም ላሰኘው?

መልስ፦ ጂሲሲ ላይ ወደ ቮይድ መቀየር አያዋጣም፣ እንዲያ ነው የተሠራው። ውጤቱን በኢፍ ያዘውና ስህተቱን መልስ። ቶናው ቀርቧል፣ እኔ እዚህ ላይ ልነሳ።