ጥያቄና መልስ፦ የመናገሪያውን ቁልፍ ማን ነካው?

የኮምቦልቻው ተማሪ ይጠይቃል፤ የሲግናል ጄኔሬተሩ (ለመፈተሻ የሚሆን የሬዲዮ ሲግናል የሚያመነጨው መሣሪያ) መስኮት «0 ዲቢኤም» ሲል ምንም አይወጣም ማለት ነው? ይወጣል እንጂ! 0 ዲቢኤም ማለት 1 ሚሊዋት ነው፤ በ50 ኦም ላይ 0.22 ቮልት ገደማ። ዝም ያለ መስሎህ አትዘናጋ።

ከሐይቅ፦ መሣሪያው እንደተከፈተ ፍሪኩዌንሲው ለምን ይንሸራተታል? ስላልሞቀ ነዋ። ግማሽ ሰዓት ይታገሡት፤ አቦሉን ጠጥተው ቶናውን ይጠብቁ።

ደሴ ፒያሳ ላይ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንባቢ ረጅም ደብዳቤ ልከዋል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የጥበቃ ሠራተኞች የእጅ መገናኛ ሬዲዮዎች «አይሰማም» ተብለው ይመጡላቸዋል፤ ያገለገለ የሲግናል ጄኔሬተር ገዝተዋል፤ ከሬዲዮው የአንቴና መግቢያ ጋር በኬብል በቀጥታ ቢያገናኙት ምን ችግር አለው?

ወንድሜ፣ ችግሩ አውራ ጣት ነው። ያ ሬዲዮ መስማት ብቻ ሳይሆን መናገርም ያውቃል። ቁልፉ ሲነካ 5 ዋት ያህል በዚያው ኬብል ወደ ጄኔሬተሩ ይገባል፤ መከላከያ ከሌለው በውስጡ ያለው ማዳከሚያ (የሲግናሉን ኃይል የሚቀንሰው ክፍል) ይቃጠላል። የእኔን ያቃጠለው «እስኪ ይሠራል?» ብሎ ቁልፉን የተጫነ ደንበኛ ነው። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ። መስኮቱ የተለመደውን ቁጥር ያሳያል፤ የሚወጣው ግን ሌላ ሆኗል። ለሳምንታት ደህናውን ሬዲዮ ሁሉ «ደንቁሯል» እያልኩ ስፈታ ከረምኩ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ 10 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል የ30 ዴሲቤል ማዳከሚያ በመካከላቸው ያስገቡ። 5 ዋቱ 5 ሚሊዋት ሆኖ ይደርሳል። ሒሳቡን አይርሱ፤ ማዳከሚያው ከጄኔሬተሩ ሲግናልም 30 ይቀንሳል፤ ሬዲዮው ‑119 ዲቢኤም (በጣም ደካማ ሲግናል) እንዲያገኝ ጄኔሬተሩን ‑89 ላይ ያደርጉታል። ይህንን በወረቀት ጽፈው መሣሪያው ላይ ይለጥፉ። ያገለገለውን ደግሞ ሳያስለኩ አይመኑት፤ ይህን የምለው ለደንቡ ያህል አይደለም። የኃይል መለኪያ ያለው ሰው ይፈልጉ፤ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራንን መጠየቅም አያሳፍርም።

በቴሌቪዥን ኬብል ልጠቀም ላሉት፦ እሱ 75 ኦም ነው፣ መሣሪያው 50። ለልክ ሥራ አይሁን።

የወልድያው ሙሽራ ጄኔሬተሩ ላይ አንቴና ሰክቶ በ100 ሜጋኸርዝ የሠርጉን ዘፈን ለሰፈሩ ማሰራጨት ያምረዋል። ያ የኤፍኤም ጣቢያዎች መደዳ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ስለሆነ እሱን ጠይቅ። ለነገሩ ድንኳኑ ላይ የሰቀልከውን ድምፅ ማጉያ ያልሰማ ጎረቤት የቀረ አይመስለኝም።