11 እንቁላል፣ 11 ወንድ ኮምቢ፦ ለጠየቀው ልጅ መልስ

ትናንት ማታ ግሩፑ ላይ የተለጠፈውን ጥያቄ ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ የፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ተማሪ አክስቱ ባመጣችለት ዲኤስ፣ በእጅ በሚያዘው የጌም ማሽን፣ ፖኬሞን ፕላቲነም የሚባለውን ጌም እየተጫወተ ነው። ፖኬሞን የሚባሉትን ፍጡራን እየያዙ የሚያሳድጉበት ጌም ነው። ንብ የሚመስለውን ፖኬሞን፣ ወንድ ኮምቢውን፣ ከአብዛኞቹ ዝርያዎች ጋር ከሚዳቀለው ከዲቶ ጋር ሶላሲዮን ከተማ ዴይኬር (እንቁላል የሚገኝበት ማቆያ) አስገባ። 11 እንቁላል አስፈለፈለ። 11ዱም ወንድ ሆኑበት። "ዲኤሱ ነው ችግር ያለበት ወይስ እኔ ነኝ? ሴት እንድትወጣ ምን ላድርግ?" ነው ጥያቄው።

ከሥር የተሰጡት መልሶች ደግሞ ጉድ ናቸው። አንዱ ዲቶውን አስቀድመህ አስገባ ይላል። ሌላው የኮምቢውን ሌቭል ከፍ አድርግ ይላል። ሌላው ደግሞ እንቁላሉን ከእሳት ፖኬሞን ጋር ያዘው፣ ሙቀት ሴት ያደርገዋል ብሏል።

ወንድሜ፣ ዲኤስህ ጤነኛ ነው። አንተም ያጠፋኸው ነገር የለም። ኮምቢ ሲባል እንደዚህ ነው።

በፖኬሞን የልጁ ጾታ የሚወሰነው በዝርያው ነው። እያንዳንዱ ዝርያ የተቆረጠለት ድርሻ አለው፣ ወላጆቹ እነማንም ይሁኑ አይቀየርም። አብዛኞቹ እኩል በእኩል ናቸው። ቩልፒክስ፣ ክሌፌሪና ጅግሊፐፍ ከ4 ሦስቱ ሴት ይወጣሉ። ግሮውሊት፣ አብራና ማቾፕ ከ4 ሦስቱ ወንድ ናቸው። ታውሮስ ሁሌም ወንድ፣ ሚልታንክና ካንጋስካን ሁሌም ሴት። ማግነማይት ጭራሽ ጾታ የለውም። ሰው የሚያቃጥለው ግን ከ8 ሰባቱ ወንድ የሚሆንበት ቡድን ነው። ኢቪ እዚያ ውስጥ ነው። ጌሙ ሲጀመር የምንመርጣቸው ሦስቱም እዚያው ናቸው። ኮምቢም እንደዚያው።

ኮምቢ ላይ ነገሩ የሚብሰው አድጋ ወደ ሌላ ፖኬሞን የምትለወጠው ሴቷ ብቻ ስለሆነች ነው። ሴቷ ሌቭል 21 ላይ ቬስፒክዊን የምትባል ንግሥት ትሆናለች። ወንዱ ሌቭል 100 ቢገባም ያው ኮምቢ ነው።

በነገራችን ላይ እዚህ ጎጃም ቀፎ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል። እውነተኛ ቀፎ ውስጥ ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። ሠራተኞቹ ሴት፣ ንግሥቲቱም ሴት። ድንጉላዎቹ ጥቂት ናቸው፣ እነሱም የሚወጡት ካልዳበረ እንቁላል ነው። አንዷ እጭ ንግሥት ሌላዋ ሠራተኛ የሚሆኑት ደግሞ በሚመገቡት ምግብ ነው። የጌሙ ሠሪዎች ይህን ገልብጠው ወንዱን አብዝተው፣ ሴቷን ሁሉ ንግሥት አደረጓት። ስለዚህ ንብ የሚያረባ ዘመድ ካለህ አትጠይቀው፣ ያሳስትሃል።

አሁን ውስጡን እንየው። ፕላቲነም ውስጥ እያንዳንዱ ፖኬሞን ሲፈጠር አንድ ትልቅ ድብቅ ቁጥር ይሰጠዋል። ጌሙ የዚያን ቁጥር የመጨረሻ ክፍል ይወስዳል። ይህ ክፍል ከ0 እስከ 255 ያለ ማንኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል። ለኮምቢ ድንበሩ 31 ነው። ከ31 በታች ከሆነ ሴት፣ 31 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወንድ። አለቀ። ከ256 ዕድሎች የሴት የሆኑት 31 ብቻ ናቸው ማለት ነው፣ 12 በመቶ ገደማ። እኩል በእኩል ለሚባሉት ዝርያዎች ድንበሩ 127 ነው። ቁጥሩ ሲወጣ ማን ቀድሞ ገባ፣ ሌቭሉ ስንት ነው፣ ምን ይዟል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኤቨርስቶን የሚባለው ፖኬሞኑ የሚይዘው ድንጋይ ባሕርይን ሊያወርስ ይችላል፣ ጾታን ግን አይነካም።

ታዲያ 11 ወንድ በተከታታይ ምን ያህል ይገርማል? ብዙም አይገርምም። አሥራ አንድ እንቁላል ከሚያስፈለፍሉ 4 ሰዎች አንዱ ያንተው ዕጣ ይደርሰዋል። ግማሹ ሰው በመጀመሪያዎቹ 6 እንቁላሎች ውስጥ ሴት ያገኛል። እስከ 30 ድረስ ወንድ ብቻ የሚወጣበትም አለ፣ ከ50 ሰው አንዱ ማለት ነው። ያ ሰው ነው ሌሊት ግሩፑ ላይ የሚጮኸው። ያገኘው ዝም ብሎ መጫወቱን ይቀጥላል፣ ለዚህ ነው ሁሉም ሰው ወንድ ብቻ የሚወጣለት የሚመስለው።

አንድ ነገር ግን ያዝልኝ። "እስካሁን ወንድ ስለበዛ አሁን ሴት መምጣቷ አይቀርም" የሚባል ነገር የለም። አምስት ወንድ የወለደች ጎረቤት ስድስተኛውን ስታረግዝ ሰፈሩ ሁሉ ያሁኑስ ሴት ነው ይላል። የጌሙ ቁጥር ሰፈሩን አይሰማም። 12ኛው እንቁላልህም ያው 12 በመቶ ነው።

የሙቀቱን ነገር የጻፈው ልጅ ሐሳቡን ከየት እንዳመጣው እገምታለሁ። እኛ ጣና ዳር የምንበላው ቀረሶ ገና ጨቅላ ሳለ ውሃው በጣም ከሞቀ ሴት መሆን የነበረባቸው ወንድ ይሆናሉ። ወንዱ ቶሎ ስለሚያድግ በኩሬ የሚያረቡ ሰዎች የሚመርጡት እሱን ነው። ግን እያችሁ፣ ዓሣውም ላይ ቢሆን ሙቀቱ ወደ ወንድ ነው የሚወስደው! ጌሙ ውስጥ ደግሞ ወደየትም አይወስድም። ፍሌም ቦዲ የሚባል ችሎታ ያለው የእሳት ፖኬሞን፣ ማግማር ወይም ስላግማ፣ ይዞ መዞር ጥቅሙ ሌላ ነው፤ እንቁላሉ በግማሽ እርምጃ ይፈለፈላል። ስለዚህ ምክሩን ተቀበለው፣ ምክንያቱን ተወው።

ሴቭ አድርጎ መመለስስ? ብዙ ሰው እንቁላሉ ሊፈለፈል ሲል ሴቭ ያደርጋል። ወንድ ሲወጣ አጥፍቶ ይከፍታል። ከንቱ ድካም ነው። የዴይኬሩ ሽማግሌ እንቁላል አግኝተናል ሲልህ ጾታው ተወስኗል። መቶ ጊዜ ብትከፍተው ያው ወንድ ይወጣል። ሴቭህ የሚጠቅመው እንቁላሉ ከመፈጠሩ በፊት ያለው ከሆነ ብቻ ነው።

ዕድሉን መጨመር ካልተቻለ የሚቀረው ፍጥነት ነው። አንተ ጋ ያየሁት ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ኮምቢውንም ዲቶውንም ራስህ ነህ የያዝካቸው። ጌሙ በየ256 እርምጃው እንቁላል ይፈጠር አይፈጠር ብሎ ዕጣ ይጥላል። ሁለቱ የተለያየ ዝርያ ሆነው ባለቤታቸው አንድ ከሆነ ዕድሉ 20 በመቶ ነው። ዲቶ ሁሌም እንደ ሌላ ዝርያ ይቆጠራል። ዲቶው ግን በሌላ ሰው ጌም የተያዘ ከሆነ ወደ 50 በመቶ ይወጣል። አንድ ዝርያ ሆነው ባለቤታቸው የተለያየ ሲሆን ደግሞ 70 ይደርሳል። ሽማግሌውን ብታናግረው ይነግርሃል፤ ሁለቱ ብዙም አይዋደዱም ካለህ 20ው ላይ ነህ።

በእርምጃ አስበው። አሁን ባለህበት አንድ እንቁላል በአማካይ 1,280 እርምጃ ይፈጃል። ከሌላ ሰው በተለዋወጥከው ዲቶ 512 ይበቃል። አንዲት ሴት ለማግኘት በአማካይ 8 እንቁላል ግድም ያስፈልግሃል። ስለዚህ ከ10,000 በላይ እርምጃ ወይስ 4,000 ገደማ? ጣትህም ባትሪውም ያመሰግኑሃል።

ከዴይኬሩ ጎን ለጎን የማር ዛፎቹን አትርሳ። ፍሎሮማ ሜዳ ላይ ማር በ100 ይሸጣል። ሲኖ (የጌሙ አገር) ውስጥ 21 የማር ዛፍ አለ። ዛፉን ማር ቀብተህ ፖኬሞን እስኪመጣ ቢያንስ 6 ሰዓት ትጠብቃለህ፣ ኮምቢም ሊመጣ ይችላል፤ ከ24 ሰዓት በላይ ካቆየህ ግን ይጠፋል። ጠዋት ወደ ክፍል ስትሄድ ቀብተህ ከምሳ በኋላ ማየት ነው። በእውነተኛ ሰዓት ስለሚሠራ ለተማሪ ይመቻል። ድርሻው እዚያም ያው ቢሆንም ጾታዋን ሳትይዛት ታያለህ፣ ሴቷ ግንባሯ ላይ ቀይ ምልክት አላት። ወንድ ከሆነ ትሮጣለህ። ማስፈልፈል የለ፣ ቦክስ መሙላት የለ።

ኪውት ቻርም የሚለውን ችሎታ የጠቀሰም አይቻለሁ። እሱ ጫካ ውስጥ ለሚገኙት የዱር ፖኬሞኖች ነው። ፊት ያስቀደምከው ፖኬሞን ወንድ ከሆነና ይህ ችሎታ ካለው፣ ከሚገጥሙህ ሦስት ሁለቱ ገደማ ሴት ይሆናሉ። እንቁላል ላይ አይሠራም።

ሴቷን ካገኘህ በኋላ ቬስፒክዊንን ከዲቶ ጋር ብታስገባት ሴት ሴት ትወልዳለች ብለህ እንዳትጠብቅ። ልጆቿም ከ8 ሰባቱ ወንድ ናቸው። የእናት ጥቅሟ ሌላ ቦታ ነው፤ ዲቶ ሳይኖር ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሲገናኙ ልጁ የእናቱን ዝርያ ይወስዳል። ሴት ኢቪ ወይም ሴት ቺምቻር ያለው ሰው የሚፎክረው ለዚህ ነው።

የድሮዎቹ የፖኬሞን ጌሞች ደግሞ ከዚህም ይብሱ ነበር። ጾታና እንቁላል የመጡት በ1999 ጃፓን ውስጥ በወጡት ጎልድና ሲልቨር ነው። እዚያ ጾታው የሚነበበው ከማጥቃት ኃይሉ ድብቅ ቁጥር ነበር፣ ከ0 እስከ 15። ዝርያው ከ8 ሰባት ወንድ ከሆነ ሴት የምትሆነው ቁጥሩ 0 ወይም 1 ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ሁሉ በጥቃት ደካሞች ሆነው ይወለዱ ነበር። ቀለሟ የተለየ፣ ሻይኒ የምንላት፣ ሴት ኢቪ ደግሞ ጭራሽ አትገኝም፤ ሻይኒ ለመሆን ቁጥሩ ቢያንስ 2 መሆን አለበትና። ያ ፍርድ በኔ አስተያየት ግፍ ነበር፣ በሚቀጥለው ትውልድ መነሳቱ ደግ ሆነ። ከኤክስና ዋይ፣ ከ2013 ወዲህ ጾታ ከትልቁ ቁጥርም ተለይቶ ለብቻው ይቀመጣል። የኮምቢ ድርሻ ግን አልተነካም። ሰንና ሙን ላይ ደግሞ ሳላንዲት የሚባል አመጡ፣ ያው ታሪክ ነው፤ ከ8 ሰባት ወንድ፣ የምታድገው ሴቷ ብቻ።

ፓልወርልድ የሚባለው ሌላ ጌም ላይም እንዲህ ነው ወይ ላለችው እህት፦ እዚያ ዲቶ የለም። ወንድና ሴት ግድ ነው፣ ማርቢያው ላይ ኬክ ካላስቀመጥሽም እንቁላል የለም። አንቺን የሚያደክምሽ ከጾታው ይልቅ የኬኩ ዱቄት፣ ወተትና ማር ነው።

አሁን ወደ ዲቶው እንመለስ። እኔ ጋ የፕላቲነም ወንድም የሆነው ጌም ዳይመንድ አለ፣ ትርፍ ዲቶም አለኝ። ዳይመንድና ፕላቲነም ያለ ኢንተርኔት ይገናኛሉ፣ ፖኬሞን ሴንተር ፎቅ ላይ ወጥተን እንለዋወጣለን። ስልክ ላይ በኢሙሌተር የምትጫወቱ ይቅርታ፣ ለእናንተ ይህ መንገድ አስቸጋሪ ነው። ፔዳ ካለህ ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ካሉት ካፌዎች አንዱ ጋ እንገናኝ፣ ባጃጅ ይዘህ ና። ቤትህ ቻርጅ አድርገህ ውጣ፣ እዚያ ስንደርስ መብራት ይጠፋ ይሆናል። በምትኩ ማንኛውንም ነገር ብትሰጠኝ ይበቃኛል፤ በየመንገዱ የሚገኘው ቢዱፍም ቢሆን እቀበላለሁ።