የሩቢክ ኪዩብን ማን ፈጠረው? እንዴትስ ሳይሰለች ቆየ?

ሰላም ጠያቂያችን። የሩቢክ ኪዩብን፣ ማለትም እያንዳንዱ ገጽ አንድ ቀለም እስኪሆን የሚዟዟረውን ባለ ስድስት ገጽ መጫወቻ፣ የፈለሰፈው የሒሳብ ሊቅ ነው ወይ፣ ደግሞስ እንዴት እስከ ዛሬ ሳይሰለች ቆየ ብለዋል።

ሰውየው ኤርኖ ሩቢክ ይባላል፤ ቡዳፔስት ውስጥ የሥነ ሕንፃ መምህር ነበር። በ1974 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ከእንጨት ሲሠራ ያሳሰበው፣ ትንንሾቹ ክፍሎች ሳይበታተኑ እንዴት ይዞራሉ የሚለው ነበር። ቀለም ሰጥቶ ካዟዟረው በኋላ ግን መመለሻው ጠፋው! ለማስተካከል አንድ ወር ገደማ ፈጅቶበታል። በ1977 ሀንጋሪ ውስጥ ለገበያ ቀረበ፣ በ1980 ዓለምን አዳረሰ።

እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ አሠራሩ ነው። በየገጹ መሃል ያሉት 6 ካሬዎች ከውስጥ እምብርቱ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ባሉበት ይሽከረከራሉ እንጂ ቦታ አይለቁም። መሃሉ ቀይ ከሆነ ያ ገጽ መጨረሻው ቀይ ነው፣ አለቀ። የሚዘዋወሩት 12ቱ የጠርዝና 8ቱ የማዕዘን ክፍሎች ብቻ ናቸው። ጀማሪ ይህን ካስተዋለ ግማሽ ጭንቀቱ ይቀልለታል።

ያልተሰለቸውም፣ በእኔ እምነት፣ ማንም ሳያስረዳዎት ምን እንደሚፈለግ ገና ሲያዩት ስለሚገባዎት ነው። ቋንቋ አይጠይቅ፣ ባትሪ አይፈልግ። ሊይዝ የሚችለው አቀማመጥ ከ43 ኩንቲሊየን ይበልጣል፤ ማለትም ከ43 ኋላ 18 ዜሮ። ሆኖም የቱንም ያህል ቢደበላለቅ ከ20 እርምጃ በላይ እንደማያስፈልገው በ2010 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር ተረጋግጧል።

ለልጅ ሊገዙ ካሰቡ፣ ሲያዞሩት የማይዝ፣ ለስለስ ያለውን ይምረጡ። የሚገትር ከሆነ ልጁ ቶሎ ይተወዋል።