ንቧ ጥርት፣ ወፏ ብዥ

ጥያቄው የመጣው ከኮተቤ ነው። ጠያቂያችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጓሯቸው ውስጥ እሬትና ራስ ክምር ተክለዋል፤ ጠዋት ጠዋት የአበባውን ማር የምትመጥ ወፍ ትመጣላቸዋለች። ያገለገለ ካኖን 700ዲ ከ75-300 ሌንስ ጋር ገዝተዋል። አበባ ላይ ያረፈች ንብ ሲያነሱ ጥርት ትላለች፤ ወፏ ግን ሁሌም ብዥ። «ሌንሱን ልቀይር ወይስ ካሜራውን ራሴ ከፍቼ ልየው? ካቻቪቴ አለኝ» ይላሉ።

ጋሼ፣ ካቻቪቴውን መሳቢያ ውስጥ ይመልሱት። ምክንያቱን እነግርዎታለሁ።

ከደብዳቤዎ የያዝኩት ይህን ነው። ንቧን የሚያነሱት በስክሪኑ እያዩ ነው። ወፏን ግን ዓይንዎን ቀዳዳው ላይ ለጥፈው። በላኩት ፎቶ ላይ ደግሞ ወፏ ብዥ ብላ፣ ከፊቷ ያለው ቅጠል ጅማቱ ሳይቀር ይቆጠራል። እጅ ተንቀጥቅጦ ቢሆን ኖሮ ቅጠሉም አይተርፍም ነበር። አውቶፎከሱ፣ ማለትም ካሜራው ራሱ የሚያጠራበት ዘዴ፣ ከወፏ ቀድሞ እየቆመ ነው። ሻጩ «ውስጡን አጽድቼዋለሁ» ማለቱን ሳነብ ደግሞ ጥርጣሬዬ ጨመረ። እኔ የምጠረጥረው ትንሿን መስታወት ነው።

ስለዚች መስታወት ማውራት እወዳለሁ፤ ይታገሱኝ። ሌንሱን ሲያወጡ ፊት ለፊት የሚያዩት ትልቁ መስታወት ነው። ብርሃኑን ወደ ላይ፣ ወደ ዓይንዎ ይልካል። ግን መሃሉ ትንሽ ብርሃን ያሳልፋል። ያ ያለፈው ብርሃን ከኋላ የተንጠለጠለች ትንሽ መስታወት ላይ ያርፋል። እሷ ደግሞ ወደ ታች ትመልሰዋለች። ካሜራው ወለል ላይ ፎከስ የሚለካ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበል ቺፕ) አለ፤ «ወፏ እዚህ ርቀት ላይ ናት» የሚለው እሱ ነው። ፎቶውን የሚያነሳው ግን ሌላ ሴንሰር ነው፤ ከኋላ ያለው። ስለዚህ ሁለቱ መንገዶች ርዝመታቸው እኩል መሆን አለበት። ትንሿ መስታወት በፀጉር ስፋት ካዘመመች መለኪያው ይዋሻል። ካሜራው ግን አያውቅም፤ «ቢፕ» ብሎ አረንጓዴውን ያበራልዎታል። በስክሪን ሲያነሱ መስታወቶቹ ተነስተው ከመንገድ ይወጣሉ። ፎከሱን የሚለካው ፎቶውን የሚያነሳው ሴንሰር ራሱ ነው። ንቧ የጠራችው ለዚህ ነው።

ግምቴን ይፈትኑት። ሦስት የሻይ ቅጠል ካርቶን ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ። መካከለኛውን ከ3 ሜትር ርቀት ላይ ያድርጉት። አንዱ በ3 ሳንቲ ሜትር ይቅደም፣ አንዱ በ3 ሳንቲ ሜትር ይዘግይ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ፣ ሌንሱ 300 ላይ፣ ኤፍ (የብርሃን መግቢያው ስፋት) 5.6 ይሁን። በዚህ ርቀት ጥርት የሚለው ጥልቀት ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ስህተቱ መደበቂያ የለውም። የመሃሉን የፎከስ ነጥብ ብቻ ይጠቀሙ። በቀዳዳው አምስት፣ በስክሪኑ አምስት ያንሱ፤ በየመሃሉ ሌንሱን ወደ ኤምኤፍ (በእጅ ማጥሪያ) አዙረው ፎከሱን ያበላሹትና ወደ ኤኤፍ (አውቶፎከስ) ይመልሱት። በቀዳዳው ያነሱት ሁሌ የፊተኛውን ካርቶን ካጠራ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። ከዚያ ትንሹን 18-55 ሌንስ ካገኙ፣ 55 ላይ አድርገው ከግማሽ ሜትር ርቀት በእሱም ይድገሙት፤ ከ3 ሜትር ሦስቱንም ካርቶን ስለሚያጠራ ስህተቱ አይታይም። እሱም ከፊት ከቆመ ጥፋቱ የካሜራው ነው። እሱ ደህና ከሆነ የረጅሙ ሌንስ ነው፤ ያኔ ተሸንፌያለሁ።

ይህ «ማጽዳት» የሚሉት ነገር ያናድደኛል። ጥጥና አልኮል ይዞ ትልቁን መስታወት በጣቱ ወደ ላይ የሚገፋ ሰው ስንት ካሜራ አበላሽቶ እኔ ጋ ልኳል! ሴንሰር ለማጽዳት መስታወቱ የሚነሳው ከሜኑው ነው። ሌንስዎ ላይ የታሰረችውንም ርካሽ ፊልተር ይፍቱልኝ። 300 ላይ የጠርሙስ ቂጥ ማለት ናት።

እርስዎ ማድረግ የሚችሉት አንድ ነገር አለ። አንዳንዴ የጥጥ ክር ትንሿ መስታወት የምታርፍበት ቦታ ላይ ይቀራል። ሌንሱን አውጥተው፣ ካሜራውን ወደ ታች ደፍተው በጎማ መንፊያ አራት አምስቴ ያናፉ። በአፍ አይሆንም፣ ምራቅ አለ። ከዚያ ሙከራውን ይድገሙት። ካልተለወጠ ማዘሙን ማስተካከል የባለሙያ ሥራ ነው። 700ዲ ፎከሱን ከሜኑ የሚያስተካክሉበት ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ካቻቪቴው ልመለስ። ካሜራዎ ብቅ የሚል ፍላሽ አለው። እሱን የሚያበራው ካፓሲተር 300 ቮልት ገደማ ያጠራቅማል። ባትሪውን ካወጡም በኋላ ይቆያል። እኔ ሥራ ስጀምር ነክቼው ካሜራው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ወደቅን። ስነሳ አለቃዬ ስቆ «አሁን ተማርክ» አለኝ። የልብ ችግር ላለበት ሰው ግን ሳቅ አይደለም።

እስኪጠገን ወፏ አታምልጥዎ። ጅራቱ ረዘም ያለ ጥቁር ወፍ ያሉኝ ወንዱ የተከዜ ሰንበርድ ሳይሆን አይቀርም። ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ወይን ጠጅ ያንጸባርቃል። ስለዚህ ፀሐይ ከጀርባዎ ትሁን፤ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ይበቃዎታል። ወፎቹ ወደዚያው አበባ ይመላለሳሉ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ያድርጉ፣ በስክሪኑ የራስ ክምሩን አበባ ያጥሩ፣ ሌንሱን ወደ ኤምኤፍ ያዙሩና ይጠብቁ። ሹተሩ (የማንሻው ፍጥነት) 1/1000 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ንቃት) 800 ወይም 1600፣ ኤፍ 8። ይህ ሌንስ 300 ላይ የብርሃን መግቢያው በሰፊው ሲከፈት ለስለስ ስለሚል ኤፍ 8 ይረዳዋል። ስክሪኑ ባትሪ ይበላልና ሁለተኛ ባትሪ ይያዙ።

ወደ ጥገና ሲሄዱ ሁለቱንም ሌንስ ይውሰዱ፣ የካርቶኖቹን ፎቶም ከካርዱ አያጥፉ። ሠራተኛው መጀመሪያ ካፓሲተሩን ሲያራግፍ ካላዩ፣ ካሜራዎን ይዘው ይውጡ። እርስዎም ቤት ውስጥ እንዳይከፍቱት፤ ባትሪው ቢወጣም።