ዲዲአር 5 ራም ዲዲአር 4 ማዘርቦርድ ላይ ይሰራል ወይ ላልከው

አይሰራም ወንድሜ፣ እንዳትገዛው። ዲዲአር 4 እና 5 የራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) የተለያዩ ትውልዶች ናቸው። የዴስክቶፕህ ማዘርቦርድ (ራሙና ሌላው ክፍል የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) የዲዲአር 4 ነው ብለሃል። ኮምቦልቻ ያገኘኸው 16 ጊጋ ዲዲአር 5 ሻጩ "ይሰራል" ቢልህም አይገባም። ሁለቱም ታች በኩል 288 እግር (የብረት መገናኛ) ስላላቸው ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ግን ታች መሃል አካባቢ ያለችው ክፍተት ቦታዋ ይለያል። በግድ ከተጫንከው ማስገቢያውን ትሰብረዋለህ።

መጀመሪያ ሲፒዩ ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫንና አሁን ያለህን ራም አይነት፣ መጠንና ፍጥነት እይ። አንድ ባለ 8 ጊጋ ብቻ ከሆነ ሌላ ባለ 8 ዲዲአር 4 ጨምርበት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሰሩ ጌም ላይ ልዩነቱ ይታወቅሃል። የላፕቶፕ ራም አጭር ስለሆነ አይሆንህም።

ፍጥነቱ ባይገጥም አብሽር። 2666 ላይ 3200 ብትጨምር ሁለቱም በ2666 ይሄዳሉ። አራት ማስገቢያ ካለህ ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ ነው የሚሰካው። የማዘርቦርድህን ማኑዋል አይተህ አረጋግጥ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኔ ደሴ ፒያሳ ያገለገለ 16 ጊጋ ዲዲአር 4 በርካሽ አግኝቼ ሳልሞክር ገዛሁ። ቤት ወስጄ ስሰካው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ለካ የሰርቨር (የድርጅት ትልልቅ ኮምፒውተር) ራም ኖሯል! ብሬም አልተመለሰልኝም። ላዩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ከፍጥነቱ ቁጥር በኋላ "አር" የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ካለ ተወው፣ ያንተ ዓይነት "ዩ" ያለበት ነው። ከቻልክ ማሽኑን ይዘህ ሂድ፤ እዚያው ተሰክቶ ዊንዶውሱ ሲከፍት ካየህ በኋላ ክፈል።