የእናቴን የመውሊድ ሳህን መለስኩ

አሰላሙ ዓለይኩም። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምሠራ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። እናቴ በየዓመቱ መውሊድ (የነብዩን ልደት በዓል) ታወጣለች። በግ ይታረዳል፣ ድቤ ይመታል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ መንዙማ (የነብዩን ውዳሴ ዜማ) ይላል። ልጅ እያለሁ የምጠብቀው ሌሊት ነበር።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ደርስ (የዲን ትምህርት) ጀምሬያለሁ። ኡስታዛችን መውሊድ ቢድዓ (በዲን ላይ የተጨመረ አዲስ ነገር) ነው፣ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦቹም (ባልደረቦቻቸውም) አላደረጉትም ይላል። እኔም አምኜበታለሁ። ዘንድሮ እናቴ ሳህን ይዛ ስትመጣ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ «ይሄ ቢድዓ ነው፣ አልበላም» አልኳት። ምንም አላለችኝም። ሳህኑን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ጓዳ ገባች። አሁን ስደውልላት «ደህና ነኝ» ብላ ትዘጋዋለች። ለዲኔ ብዬ ነው ያደረግኩት፤ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከኮምቦልቻ

---

ወዓለይኩም ሰላም ወንድሜ።

ፈትዋ (የዲን ብይን) አልሰጥህም፤ እሱ የዑለማ (የዲን ሊቃውንት) ሥራ ነው። ግን አንተ በማስረጃ፣ እናትህ ባለማወቅ የቆማችሁ አይምሰልህ። «ቢድዓ ሁሉ ጥመት ነው» የሚለውን ሐዲስ የወሎ ሸኾችም ያውቁታል። እነሱ የሸሪዓ ሕግ ሊቁ ኢማም ሻፊዒ ቢድዓን የሚመሰገንና የሚወገዝ ብለው መክፈላቸውን ይጠቅሳሉ። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ሰዉን ለተራዊሕ (ለረመዳን የሌሊት ሶላት) በአንድ ኢማም ሲሰበስቡ «ምን ያማረ ቢድዓ ነው» ማለታቸውንም ያነሳሉ። የአንተ ኡስታዝ ደግሞ ተራዊሕን ነብዩ ራሳቸው ሰግደው ነበር፣ ዑመር ቃሉን የተጠቀሙት በቋንቋ ትርጉሙ ነው ይልሃል። ነብዩ ሰኞን የጾሙት የተወለዱበት ቀን ስለሆነም ጭምር ነው። አንዱ ወገን «እንግዲያው ልደታቸውን ማሰብ መሠረት አለው» ይላል፤ ሌላው «ጾሙ እንጂ አልደገሱም» ይላል። ሐዲሱ ያው አንድ ነው።

ነገሩም የዛሬ አይደለም። የማሊኪ መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ መንገድ) ሊቁ ፋኪሃኒ መውሊድን ተቃውመው ጻፉ፤ ኢማም ሱዩጢ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መልስ ጻፉላቸው። እኛ አገር ደግሞ ወሎ ውስጥ ጀማ ንጉሥ ላይ መውሊድ መከበር ከጀመረ 200 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ዐረብኛ ለማይሰማው የወሎ ገበሬ የነብዩን ታሪክ በገዛ ቋንቋው ያደረሰለት መንዙማ ነው። እናትህ ነብዩን መውደድ የተማረችው እዚያ ነው። ሳህኑን ስትመልስባት እሷ የሰማችው ሌላ ነገር ነው።

እምነትህን ተው አልልህም፤ ካላመንክበት አትቀመጥ። ግን ሱረቱ ሉቅማንን አንብብ። ወላጆች በአላህ እንድታጋራ ቢታገሉህ እንኳ አትታዘዛቸው ካለ በኋላ፣ በዱንያ ግን በመልካም ተወዳጃቸው ይላል። እናትህ ደግሞ ሽርክ አላዘዘችህም። ወጥ ነው ያቀረበችልህ።

ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በስልክ አይሆንም፣ ውጣ። ቡናው እስኪፈላ ጠብቅና «እማ፣ ሰው ፊት የተናገርኩሽ ጥፋት ነው፣ አፉ በይኝ» በላት። ስለ ቢድዓው በዚያ ቀን አታንሳ። በነብዩ ላይ ሰለዋት (የእዝነትና የሰላም ዱዓ) ማውረድ በቁርኣን የታዘዘ ነውና እሱን አብረሃት በል። ለከርሞ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ እንደማትገኝ ንገራት።