ሉአዝ 967ኤም ከመግዛትህ በፊት ሞተሩን ተወውና ወለሉን እይ

የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጀርመን አገር አንድ ሉአዝ 967ኤም (ውሃም የሚያቋርጥ ትንሽ የሶቪየት ወታደራዊ መኪና) ለሽያጭ ቀርቧል፣ ሞተሩ ወዲያው ይነሳል፣ ሻጩ «ውሃ ላይም ይሄዳል» ይላል፤ ምን ልፈትሽ? እኔ የምለው፣ ሞተሩን መጨረሻ ላይ እየው። ይህን መኪና የሚያስወድደውም የሚያስጥለውም የወለሉ ላሜራ እና በየጎማው ውስጥ ያለው የማርሽ ሳጥን ነው።

መኪናው ለምን እንደተሠራ ካወቅክ ቅርጹ ግልጽ ይሆንልሃል። ከኮሪያ ጦርነት በኋላ የሶቪየት ጦር ቁስለኛን ከግንባር የሚያወጣ ቀላል መኪና ፈለገ፤ እሱን ያመረተው ዩክሬን ውስጥ ሉትስክ ያለው ፋብሪካ ነው። ሹፌሩ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ በግራና በቀኙ ቃሬዛ ይገባል። መሪው ስለሚታጠፍ ተኝቶም መንዳት ይቻላል። ከፊት ያለው ዊንች ቁስለኛን በገመድ ለመጎተት የታሰበ ነው። ባዶው መኪና 930 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ጭቃ ውስጥ ቢቀር ዊንቹ ያወጣኛል ብለህ አትመካ።

አሁን ወደ ወለሉ። ቦዲው የተበየደ ብረት ነው፣ እንደ ጀልባ ከታች ድፍን። ውስጥ የገባ ውሃ የታች ቡሎኖቹ ካልተከፈቱ ስለማይወጣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል፤ ከታች አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ብታይ አትርጋ። ምንጣፉን አንሳ፣ በመዶሻ ጀርባ ቀስ እያልክ ንካው። ድምፁ ከደነዘዘ ወይም ስቱኮ ከተፈረፈረ ላሜራው አልቋል። የቶርሽን ባሮቹ (እንደ ሞላ የሚሠሩ ተጠምዛዥ ዘንጎች) መያዣ አካባቢ በተለይ ጊዜ ውሰድ፣ እዚያ ጋ መበየድ ከባድና ውድ ነው።

ለፍተሻ ሐይቅ አያስፈልግህም። መኪናውን ደልዳላ ቦታ በጠንካራ ድጋፍ ከፍ አድርገህ፣ የታች መክፈቻ ቡሎኖቹን አጥብቀህ፣ ወለሉ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ አፍስስና ከታች በባትሪ እይ። ከዚህ በላይ አትጨምር፤ 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። ሴሚያሶቹ (ጎማውን የሚያዞሩት ዘንጎች) ከቦዲው የሚወጡበት የጎማ ሽፋን ከዚያ ከፍ ካለ በሰው እጅ ቱቦ ከውጭ እያስረጨህ አንተ ከውስጥ ተመልከት። «ትንሽ ቢንጠባጠብ ምን አለበት» የሚልህን አትስማ። ከውሃ በታች 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ በደቂቃ 9 ሊትር ገደማ ያስገባል፤ በ10 ደቂቃ አንድ ተጨማሪ ሰው ጫንክ ማለት ነው። የውሃ ማውጫ ፓምፑም ሲሠራ አይተህ እንጂ በቃል አትቀበል።

ቀጥሎ የየጎማው ማርሽ ሳጥን። መኪናው ከመሬት ከፍ ያለው በእነሱ ነው፣ እያንዳንዱም የራሱ ዘይት አለው። የአራቱንም ሳጥን ቡሎን ፈትተህ ትንሽ ዘይት አውጣ። ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መኪናው ሲነዳ ሳጥኑ ይሞቃል፣ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ባረጀ ፓራሊዮ (የዘይት መከላከያ ጎማ) በኩል ውሃ ይስባል። ስለዚህ ውሃ ከመግባትህ በፊት ግማሽ ሰዓት ቁመህ አቀዝቅዝ፤ ከወጣህ በኋላ ደግሞ በማግስቱ ዘይቱን ፈትሽ። ያንን ዘይት ይዞ አንድ ክረምት የቆመ ሳጥን ኩሽኔታዎቹ (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ቀለበቶች) ዝገው ይጠብቁሃል።

ስትሞክረው ደረቅ አስፋልት ላይ የኋላ ጎማዎቹን ከሞተሩ ጋር አታገናኝ። የፊት ጎማዎች ሁልጊዜ ይጎትታሉ፣ የኋላዎቹ በማርሽ እጀታ ይጨመራሉ፣ በመሃል ግን ዲፈረንሻል (የፍጥነት ልዩነትን የሚያቻችል ማርሽ) የለም። ሲታጠፍ የፊትና የኋላው ፍጥነት ስለሚለያይ ኃይሉ ወደ ኋላ በሚሄደው ቀጭን ዘንግ ላይ ይጠራቀማል። ሣር ወይም አሸዋ ላይ ሞክር።

ሞተሩ 1.2 ሊትር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ቪ4፣ ወደ 37 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ዘመዱ የዛፖሮዤትስ (የሶቪየት ትንሽ የቤት መኪና) ሞተር ስለሆነ ዕቃው ይገኛል። የማይገኙት የመሪው ታጣፊ ዘንግ፣ ዊንቹ እና የቦዲው ቁርጥራጮች ናቸው፤ ጎድሎ ካየህ ዋጋውን እዚያ ላይ አስቀንስ። ቺንጋው (የፋኑ ማዞሪያ ቀበቶ) ከተበጠሰ የማቀዝቀዣው ፋን ይቆማል፣ ሞተሩም በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፤ ትርፍ ቺንጋ ሁልጊዜ ያዝ። የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ማስገቢያው 0.08፣ ማስወጫው 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ለ76 ኦክቴን ስለተሠራ የዛሬ ቤንዚን ኦክቴኑ ይበቃዋል፤ ነገር ግን 10 በመቶ ኤታኖል ያለው ቤንዚን የድሮ ጎማ ቱቦ ያበላሻል። ቱቦዎቹንና የቤንዚን ፓምፑን ሜምብሬን ኤታኖል በሚችል ለውጥ።

ውሃ ላይ ፕሮፔለር የለውም፣ የሚቀዝፈው በጎማው ጥርስ ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት 3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር። ለስላሳ የአስፋልት ጎማ የገጠመ ሰው ይህንንም ያጣል። በ3 ኪሎ ሜትር ብታስበው 50 ሜትር ስፋት ያለውን ወንዝ ለመሻገር አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ ወንዙ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ከፈሰሰ 30 ሜትር ወደ ታች ይወስድሃል። መውጫህን ከዚያ አስበህ ምረጥ፣ ዳገቱንና ጭቃውን በእግርህ ሄደህ እይ። የነፍስ አድን ጃኬት ሳትለብስ አትግባ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ከ30 ዓመት በላይ ስለሆነው፣ በቀደመ ይዘቱ ካለ ጀርመን ውስጥ የኤች ታርጋ (ለቅርስ መኪና የሚሰጥ) ማመልከት ትችላለህ። ውሃ ላይ ለመንሳፈፍ ግን ያ ታርጋ አይበቃም፤ የአካባቢውን የውሃ አስተዳደር አስቀድመህ ጠይቅ።

ሻጩ ወለሉ ላይ ውሃ ማፍሰስ ከከለከለህ የየብስ መኪና ዋጋ ብቻ ስጠው። የወለሉንና የአራቱን ሳጥኖች ዘይት ፎቶ እዚህ ለጥፍልን፣ አይተን እንነግርሃለን።